የማይከብዱ ቃላት

ያሕያ ግሪሳውን ወፍ አደረገው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቢሆን የእጅ ስህተት ነው ብዬ አልፈው ነበር፤ እሱ ግን ኮምፒውተሩን «ሁሉንም ተካ» ብሎ አዝዞ በሠላሳ አራቱም ቦታ ቀይሮታል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሸዋ ሮቢት ዋናው አስፋልት ዳር ባለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ ተቀምጬ ሽፋኑ ላይ ስሜ ያለበትን ናሙና ስገልጥ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው «ወፎች መጡ። ሰዎች ሁሉ ሮጡ» የሚለው ላይ ነው። ወፎች ሲመጡ ሰው የሚሮጠው ምን ሊሆን ነው? ፎቶ ሊያነሣ? ግሪሳ በአሥር ሺህ ሆኖ ወርዶ፣ የደረሰ ማሽላ በአንድ ጠዋት አገዳ ብቻ አድርጎት የሚሄድ መንጋ ነው፤ ይህን ለማወቅ የዚህ የቀወት ወረዳ ልጅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። ቀጠልኩ። ልጅቷ ቆማ አዝመራ የምትጠብቅበት ማማ «ከፍ ያለ ቦታ» ሆኗል። ወንጭፏ «ድንጋይ መወርወሪያ» ሆኗል። «ልጅቷ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥታ ድንጋይ መወርወሪያዋን አነሣች» የሚለውን ሳነብ ስለ እርሻ ሳይሆን ስለ ወህኒ ቤት ዘበኛ የተጻፈ መሰለኝ።

ምክንያቱ ዝርዝሩ ነው። ለቆላው ትምህርት ቤቶች ስድስት የንባብ መጻሕፍት የሚያሳትመው ድርጅት ጽሑፉን እንዲያቀልለት ለያሕያ ዘጠኝ መቶ ቃላት የያዘ ወረቀት ልኮለታል፤ አናቱ ላይ «የተፈቀዱ ቃላት» ይላል። ከሌላ አገር መጥቶ የተተረጎመ ለመሆኑ ምስክር አያሻውም። ድብ አለበት። ሳንድዊች አለበት። ባቡር፣ ሙዚየም፣ የዋና ልብስ አለበት። ግሪሳ የለበትም። እንግዲህ የሸዋ ሮቢት ልጅ አንድ ቀን ድብ ቢመጣበት በስሙ ጠርቶ ያባርረዋል፤ ግሪሳ ሲመጣበት ግን እንዳይደናገር ታስቦለታል። ያሕያ ዝርዝሩን በፕላስቲክ አስለብጦ ከፎቶኮፒ ማሽኑ በላይ ሰቅሎታል፤ የንግድ ፈቃዱ እንኳ ያን ያህል ክብር አላገኘም።

ያሕያ የአክስቴ ልጅ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ለወጣቶች አሥራ አንድ የፍቅር መጻሕፍት ጽፏል፤ እያንዳንዳቸው በመቶ ሃያ ብር መናኸሪያው ላይ ከማስቲካና ከሶፍት ጋር ይሸጣሉ። ዐረፍተ ነገሮቹ ከአራት ቃል አያልፉም፤ ሁሉም ሦስት ነጥብ ይጎትታሉ። በየሦስት ገጹ አንድ ሰው ያለቅሳል፣ በየአሥር ገጹ አንድ ሰው በመኪና ይገጫል፤ የተገጨው ሰው ሁልጊዜ የሆነ ሰው የጠፋ አባት ነው። መታወቂያ ፎቶኮፒ ሊያስደርጉ የሚመጡ ልጃገረዶች «አሥራ ሁለተኛው መቼ ነው?» ይሉታል፤ እሱም ጢሙን እየዳሰሰ «ብዕሬ ላይ ነው» ይላቸዋል። ብዕር ይዞ አይቼው አላውቅም፤ በስልኩ ነው የሚጽፈው። ግን ያነቡታል። የባጃጅ ሾፌሮች ተራ ሲጠብቁ ያነቡታል፤ ልጆች የሒሳብ ደብተር ውስጥ ደብቀው ያነቡታል። ክርክር በተነሣ ቁጥር እኔ ልጅ አስነብቤአለሁ፣ አንቺ ምን አስነበብሽ ይለኛል፤ መልስ የለኝም፤ መልስ ባለመኖሩም ያሕያን ይበልጥ እንቀዋለሁ።

የዛሬው ነገር አጭር ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐረገወይን የምትባል የድርጅቱ ሠራተኛ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ደራሲዋ እኔ ስለሆንኩ በናሙናው መስማማቴን እፈርማለሁ። ከፈረምኩ መጽሐፉ ይታተማል፤ እኔም ለቀሩት አምስት መጻሕፍት አርታዒ ሆኜ እቀጠራለሁ። ካልፈረምኩ ማጀቴ ከተማ ያለው የአባቴ ቤት አለ፤ በአማርኛ ዲግሪ ከተመረቅኩ ጀምሮ ሁለት ዓመት ተኩል የተቀመጥኩበት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለ እኔ ሲጠየቅ «ገና ነች» የሚባልበት ቤት። ገና ምን እንደሆንኩ አይነገርም፤ ሥራም ባልም በአንድ ቃል ይታለፋሉ።

ያሕያ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ናሙናውን እንዳየሁት ከፊቴ ገባው፤ «እሺ ዲግሪዋ፣ ልቀቂው» ብሎ ወንበሩን ገልብጦ ተቀመጠ። ልጅ መዝገበ ቃላት ታቅፎ አያነብም አለኝ። አንድ ቃል ካደናቀፈው መጽሐፉን ወርውሮ ስልኩን ያነሣል አለኝ። ግሪሳ ለቆላ ልጅ ከድብ ይቀላል ስለው፣ መጽሐፉ ነገ ወደ ደጋም ይሄዳል አለ። የደጋ ልጅ አንድ አዲስ ቃል ቢማር ይሞታል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። በዚህ ጊዜ መሳቢያውን ስቦ እኔ የሰጠሁትን የመጀመሪያ ጽሑፍ አወጣና ሱቁ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ማንበብ ጀመረ፦

«የማለዳዋ ጀንበር የወርቅ ካባዋን በማሽላው ዛላ ላይ ደርባ፣ በብርሃን ሰረገላ እየተንሳፈፈች...»

የመሬት ደብተራቸውን ኮፒ ለማስደረግ ከቀወት ገጠር የመጡ ጋሽ ወልደማርያም የሚባሉ ገበሬ ወረፋ ይዘው ቆመው ነበር። አዳመጡ፤ ቀና አሉ። «ያሕያ፣ የሠርግ ጥሪም መጻፍ ጀመርክ እንዴ?» አሉት።

ያሕያ ማሽኑ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ሰውየው ግን አልቀለዱም፤ ደብተራቸውን አቀበሉና ሙሽራዋ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቁ። ያቺን ጀንበር የዩኒቨርሲቲ መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮባት፣ ዳር ላይ «ግሩም!» ብሎባት ነበር። በዚያች ቅጽበት መምህሬንም፣ ያሕያንም፣ ጋሽ ወልደማርያምንም አንድ ላይ ጠላኋቸው፤ ከሁሉም ያበሸቀኝ ግን ገበሬው ልክ መሆናቸው ነው። ሰረገላ በማሽላ ማሳ ላይ ምን ይሠራል?

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁለቱንም ጽሑፍ በፌስታል ይዤ ለምሳ ወደ አክስቴ ሄድኩ። አክስቴ ሳፊያ የያሕያ እናት ናቸው፤ ሸዋ ሮቢት ከመጣሁ ጀምሮ ምሳዬን የምበላው እሳቸው ዘንድ ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ባጃጅ ሠላሳ ብር ሲለኝ ትቼው በእግሬ ሄድኩ። ሳሎኑ እንደወትሮው ጨለምለም ያለ ነው። ሶፋው ከተገዛ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ፕላስቲኩ ገና አልተነሣለትም፤ በዚህ ሙቀት የተቀመጠበት ሰው ሲነሣ ቆዳው ተልጦ የሚቀር ይመስለዋል። ግድግዳው ላይ የባላቸው የሐጂ አሊዪ ፎቶ አለ፤ ከመካ ሲመለሱ የተነሡት፣ ነጭ በነጭ ለብሰው። ሐጂ ራሳቸው ጀውሃ ከተማ ባለው ወፍጮ ቤታቸው ስለሚውሉ ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱን የሚጠብቀው ያ ፎቶ ነው። አክስቴ ምንጣፍ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ማሾ ይለቅማሉ። ጠጠሩን ወደ ግራ፣ የተበሳውን ወደ ቀኝ። ነጋዴው ጠጠር እየቀላቀለ በኪሎ መቶ አሥር ብር መሸጡን፣ ድሮ ማሾ የሚቀላቅለው ሰው ቢያንስ እንደሚያፍር ነገሩኝ። ሽሮ በላን። ስለ እናቴ ጉልበት ጠየቁኝ፤ ስለ ሙቀቱ አወራን፤ ከዚያ ዝም አልን። በዚያ ቤት ዝምታ አያስጨንቅም፤ ሰው ሁሉ ለምዶታል።

መጽሐፉ የሳቸው ነው። ማለቴ፣ ታሪኩ። ልጆች ሆነን በረመዳን ስንሰበሰብ «ግሪሳ ሲመጣ ማማ ላይ ነበርኩ» ይሉን ነበር፤ ሌላ ነገር ሲሉ ትዝ አይለኝም። የቀረውን እኔ ሞላሁት። በመጽሐፌ ልጅቷ መንጋውን ከሩቅ አይታ ትጮኻለች፣ መንደሩ ቆርቆሮ እየደበደበ ይወጣል፣ ማሽላው ይተርፋል፣ አባቷም ግንባሯን ይስማል። አክስቴ ማንበብ ስለማይችሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ በመጀመሪያ የያሕያን። «ወፎች መጡ። ሰዎች ሁሉ ሮጡ» ስል እጃቸው ማሾው ላይ ቆመ፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ወፍ መጣ ብሎ የሚሮጥ መንደር ማበድ አለበት አሉ። ልቤ ሞቀ። አሁን የኔን ይስሙልኝ በሚል ኩራት ከጀንበሯ ጀምሬ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። አልሳቁም። «ማሻአላህ፣ ጥሩ ነው» አሉ፤ የማይጥም ወጥ ሲቀርብላቸው የሚሉት በዚሁ ድምፅ ነው። ወደ ማሾው ተመለሱ። ጠጠር ወደ ግራ፣ የተበሳ ወደ ቀኝ።

ትዕግሥት የለኝም። ምኑ ነው ያልጣመዎት አልኳቸው። ምንም፣ አሉ። እንደገና ጠየቅሁ። ሦስተኛ ስጠይቅ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡት።

«ልጅቷ ነቅታ ነበር እንዴ?»

«የትኛዋ?»

«የመጽሐፍሽ።»

«ነቅታ ነው እንጂ፤ እሷ አይደለች የምትጮኸው።»

«እኔኮ ተኝቼ ነበር» አሉ።

የምለውን አልጠበቁም። መዳፋቸው ላይ የተጣበቀውን አቧራ እያራገፉ፣ የገበያ ዋጋ በሚናገሩበት ድምፅ፣ «ተኛሁ። ግሪሳው ማሽላውን በላው። ዳሩኝ» አሉ።

ስንት ዓመትዎ ነበር አልኳቸው። አሥራ ሦስት። ለምን ተኙ አልኩ፤ የማይረባ ጥያቄ ነው፤ «የደከመ ሰው ምን ያደርጋል?» አሉኝ። በዚያ ዓመት እህል የነበረው ማን ዘንድ እንደሆነ አልጠየቅሁም። በአገጫቸው ወደ ግድግዳው ጠቆም አድርገው አሳዩኝ፤ ነጭ በነጭ የለበሱት ሐጂ ከፎቷቸው ውስጥ ያዩናል። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ቋንቋ አጥንቻለሁ፤ ከነገሩኝ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል «ስለዚህ» የሚል ቃል እንኳ አልነበረም፤ አላስፈለገውም። ኀምሳ ገጽ ጽፌ አንዱንም አልነካሁትም። ልጻፈው ወይ አልኳቸው። ሰፌዳቸውን አነሡ። ረጅም ጊዜ ለቀሙ፤ ሙአዚኑ ለዙህር ሶላት ጠርቶ ጨረሰ፤ ባጃጅ በደጁ አልፎ ሄደ። በመጨረሻ ሳያዩኝ «ከጻፍሽው እንዳልኩት ጻፊው። ያቺን ጀንበር አታምጪብኝ» አሉና ሊሰግዱ ተነሡ።

ሱቅ ስመለስ መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሩ ያጓራል። ያሕያ የፈተና ወረቀት እያባዛ ነበር፤ ኮምፒውተሩን ያዝኩ። ከሠላሳ አምስተኛው ገጽ ጀምሮ ያለውን ጩኸት፣ ቆርቆሮውን፣ ግንባር የሚስመውን አባት ሁሉ አጠፋሁ። ጀንበሯንም ከነሰረገላዋ አጠፋኋት፤ ቀላል ነበር። ከዚያ ዝርዝሩን ከግድግዳው አውርጄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ተኛ፣ አለ። በላ፣ አለ። ማሽላ፣ በ«ምግብ» ሥር አለ። ዳረ፣ በ«ቤተሰብ» ሥር፣ በሠርግና በአያት መካከል አለ። ግሪሳ ብቻ የለም፤ ግሪሳውን ተውኩላቸው። ወፍ ይሁን። ማማውም ከፍ ያለ ቦታ ይሁን፤ ወንጭፉንም ይውሰዱት። እንዲህ ብዬ ጨረስኩ፦ «ተኛች። ወፎቹ ማሽላውን በሉት። ዳሯት።» ለማንም ይህን ያህል ተሸንፌ አላውቅም፤ ግን የመጀመሪያዋ የማላፍርባት ገጽ እሷ ነበረች።

ሐረገወይን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። ፊቷን በእርጥብ ሶፍት እየጠረገች ስለ ደብረ ሲናው ብርድና ስለዚህ ሙቀት አወራች፤ በአንድ ቀን ሁለት አገር አየሁ አለች፤ ወደዚህ የሚወርድ ሁሉ ይህንኑ ይላል። ያሕያ ቀዝቃዛ ውኃ አስመጣላት፤ ከመጽሐፎቹ ሁለቱን ፈርሞ ለልጇ ሰጣት። የመጨረሻውን ገጽ አቀበልኳቸው። እሷ አነበበችና ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ የቀረ ነገር ካለ ብላ ነው። ያሕያ አነበበ። ሁለተኛ አነበበ።

«ይሄ ይከብዳል» አለ።

«የትኛው ቃል?» አልኩት።

ዝርዝሩን ፊቱ አስቀመጥኩለት። በእውነት ፈለገ። ጣቱን በየቃሉ ላይ እያሳለፈ፣ ወደ ዝርዝሩ ሄዶ እየተመለሰ ፈለገ፤ ልክ ግሪሳን እንዳደነው። ግንባሩን አላበው። አንድም ቃል አላገኘም። «ቃሉ አይደለም» አለ በመጨረሻ። አሥራ አንድ መጽሐፍ ሙሉ ሰው በመኪና ሲያስገጭ ኖሮ፣ አንዲት ልጅ ተኝታ ነቅታ ስትዳር ከበደው።

ሐረገወይን ለስላሳ ሴት ናት። ጽሑፉ በጣም ኃይል አለው አለች፤ ሰዎች ሊቀብሩሽ ሲሉ የሚያመሰግኑት እንደዚህ ነው። ነገር ግን የልጆች መጽሐፍ በተስፋ ማለቅ አለበት አለች። ደግሞም ያለ ዕድሜ ጋብቻ በሌላ ፕሮጀክት ነው የሚሸፈነው፤ በጀቱም የተለየ ነው፤ ይህኛው ንባብ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ ሳንነካካ፣ ያንቺን ሐሳብም ሳናጠፋ፣ አንዲት ቃል ብቻ ብንለውጥስ አለች። እስክሪብቶዋን አወጣች፣ «ዳሯት» የሚለውን በስሱ ሰረዘች፣ ከበላዩ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት «ትምህርት ቤት ላኳት» ብላ ጻፈች። «አየሽ፣» አለችኝ፣ «ቃላቱ ሁሉ ከዝርዝሩ ናቸው።»

ያሕያ ወዲያው ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ። እሷ እስክፈርም ማንጎ ልግዛ ብላ ወጣች፤ የሸዋ ሮቢትን ማንጎ ሳይዝ የሚመለስ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ማተሚያው ተንፈራገጠና አዲሱን ገጽ ተፋው። «ተኛች። ወፎቹ ማሽላውን በሉት። ትምህርት ቤት ላኳት።» ንጹሕ ነው፤ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ሳይደናቀፍ ያነበዋል። ክረምት የሚበላው አጥቶ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው ገበሬ የት አገር እንደሚኖር አይጠይቅም፤ እንዳይጠይቅ ነው የተጻፈለት።

ያሕያ ቅጹን አምጥቶ ፊቴ ዘረጋው። ደመወዙን አስታወሰኝ። ማጀቴን አስታወሰኝ፤ እልህሽን ለአባትሽ እንግዶች ታስረጃቸዋለሽ አለኝ። እስክሪብቶ ተቀበልኩት። «ደራሲ» ከሚለው አጠገብ በታይፕ የተጻፈውን ስሜን፣ ዓሊያ ሰዲቅ የሚለውን፣ በአንድ መስመር ሰረዝኩና ከበላዩ «ያሕያ አሊዪ» ብዬ ጻፍኩ።

«ምንድነው ይሄ?»

«የጻፈው ሰው ስም።»

ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ለቁጣውም መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አልተቆጣም። ቅጹን ትቶ የሦስቱን ዐረፍተ ነገሮች የቀድሞ መልክ፣ ሐረገወይን የሰረዘችበትን ገጽ፣ አንሥቶ ማየት ጀመረ። ጀነሬተሩ ስለቆመ ሱቁ ጸጥ ብሏል።

«ማን ነገረሽ?» አለኝ።

እስክሪብቶውን መለስኩለት። እሱም ቆጠረ፤ እናቱ የተዳሩበትን አሥራ ሦስት ዓመት፣ የራሱን ሠላሳ ስምንት፣ የአባቱን የጀውሃ እህል፤ ሲቆጥር በፊቱ ላይ ይታያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ነጥብ የማያስፈልገው ሰው መሰለ።

«እናቴ ተኝታ ነበር እንዴ?» አለ።

ቦርሳዬን አነሣሁ። «ቤትህ ሩቅ አይደለም፤ ሂድና ራስህ ጠይቃቸው» አልኩት። «አትፍራ፣ አንድም የሚከብድ ቃል አይጠቀሙም።»

ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።